በሰቃ ስንት እርምጃ ቀረበን? የመተሐራ ከተማ የውሃና የመሬት ታሪክ

እኔ የዚህ አገር ተወላጅ አይደለሁም። መተሐራን ያወቅኋት ተማሪ ሳለሁ፣ በ1970ዎቹ፣ በባቡር መስኮት ነው። ባቡሩ ከፈንታሌ ተራራ ግርጌ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ግራና ቀኙ ውሃ በሆነ ቀጭን ድልድል ላይ በቀስታ ማለፍ ጀመረ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት በጣታቸው ወደ ሐይቁ እያመለከቱ «እዚህ ጋ እኮ ግመል ይሰማራ ነበር» አሉኝ። ያን ቀን ብዙም ልብ አላልኩትም። ኋላ የመልክዓ ምድር ትምህርት ሳስተምር ግን ያቺ ንግግር አልለቀቀችኝም፤ ዛሬም እፊታችሁ ያቆመችኝ እሷ ናት።

የተጠራሁት የከተማችሁን የተፈጥሮ አደጋዎች ታሪክ እንዳስረዳ ነው። ስለ ሦስት ነገር እናገራለሁ፤ መጀመሪያ ስለ በሰቃ ሐይቅ፣ ቀጥሎ ስለ ፈንታሌና ስለ መሬት መንቀጥቀጥ፣ በመጨረሻም ባጭሩ ስለ አዋሽ ሙላትና ስለ ድርቅ። ከመጀመሬ በፊት ግን የምደርስበትን ነገር በግልጽ ላስቀምጥ። ይህችን ከተማ በድንገት የመጣ አደጋ አስደንግጧታል፤ ብዙ የወሰደባት ግን ቀስ ብሎ የመጣው ነው። ቀስ ብሎ የሚመጣ አደጋ ደግሞ ምልክት ካልተተከለለት፣ ካልተጻፈም፣ ዓይን አያየውም። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የምናገረው በእኛው አቆጣጠር ነው።

እንግዲህ ከበሰቃ ልጀምር። በ1950 ዓ.ም. ገደማ ከአየር በተነሡ ፎቶግራፎች ላይ ሐይቁ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ትንሽ የጨው ውሃ ነበር። ጥቁሩ የገሞራ ድንጋይ ከቦት፣ ከብት ዳር ዳሩን ይሰማራበት ነበር። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሳይሞላ ስፋቱ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር አለፈ። እስቲ ይህን ቁጥር አብረን እንመንዝረው። ጭማሪውን ለ50 ዓመት ብናካፍለው በየዓመቱ ከ70 ሄክታር በላይ መሬት ውሃ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። በቀን ስናሰላው 2,000 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዛሬ በከተማችሁ አንድ ሰው ቤት ሊሠራበት የሚመኘው ቦታ 200 ካሬ ቢሆን፣ ሐይቁ በየቀኑ፣ እሑድና በዓል ሳይል፣ የአሥር ቤት ቦታ ይወስድ ነበር። በእርግጥ ውሃው በየቀኑ እኩል አልሄደም፤ አንዳንዱ ዓመት ሮጧል፣ አንዳንዱ ዓመት ቆም ብሏል። ነገር ግን ነጋሪት አልተጎሰመም፣ ደወል አልተደወለም። ሰው ጠዋት ተነሥቶ ያየው ሐይቅ ትናንት ማታ ያየውን ይመስለዋል፤ ዘንድሮ ያየው ደግሞ አምና ያየውን።

በዚህ አገር የሐይቅ ማደግ እንዴት ያለ እንግዳ ነገር እንደሆነ ለመረዳት ሰማዩን መጠየቅ ያስፈልጋል። መተሐራ የምትገኘው ከባሕር ወለል በላይ 950 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በስምጥ ሸለቆው ወለል ነው። በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 500 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሳይሰርግና ሳይፈስ ቢጠራቀም የቆመን ሰው ጉልበት ቢደርስ ነው። ፀሐይና ነፋስ ከተገለጠ ውሃ ላይ በዓመት የሚወስዱት ግን ከ2 ሜትር ይበልጣል፤ ከረጅም ሰው ቁመት በላይ ነው። ጉልበት የሚያህል ተቀብሎ ቁመት የሚያህል የሚከፍል ሐይቅ በየዓመቱ ሊጎድል ይገባ ነበር። በሰቃ ግን ሞላ። ስለዚህ በላይ ያልመጣው ውሃ ከታች መጥቷል ማለት ነው።

ከየት መጣ? እዚህ ላይ ሊቃውንቱ ለብዙ ዓመት ተከራክረዋል፤ ክርክራቸውም ለእናንተ የሩቅ ነገር ስላልሆነ ላስረዳችሁ። አንደኛው ወገን ወደ መስኖው ያመለክታል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሸንኮራ አገዳ ልማቱ ሲስፋፋ፣ በአባድር በኩልና ከዚያ ከፍ ብሎ በኑራ ኤራ እርሻዎች ከአዋሽ የተጠለፈ ብዙ ውሃ መሬት ላይ ይለቀቅ ጀመር። ሰብሉ ከጠጣው የተረፈው ወደ ታች ሰርጎ፣ በተሰነጣጠቀው የገሞራ ድንጋይ ውስጥ መንገድ እያገኘ፣ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ወረደ፤ ዝቅተኛው ቦታ ደግሞ በሰቃ ነው። ሁለተኛው ወገን መሬቱን ራሱን ይጠይቃል። ከሐይቁ በስተምዕራብ ያሉት ፍል ውሃዎች የሚፈልቁት ከስምጥ ሸለቆው ስንጥቆች ነው፤ ስንጥቁ ሲላቀቅ ምንጩ ይበረታል ይላሉ። ሦስተኛም አለ። በ1952 የቆቃ ግድብ ተሠርቶ ሥራ ሲጀምር አዋሽ በበጋ መቅጠኑን ተወ። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከርሰ ምድሩን ያጠጣል።

የኔን ፍርድ ከጠየቃችሁኝ፣ ለመስኖው ትልቁን ድርሻ እሰጣለሁ። ፍል ውሃዎቹ ከጥንት ነበሩ፤ ለብዙ መቶ ዓመታትም በሰቃን ትንሽ አድርገው አኑረውታል። የሐይቁ ሩጫ የጀመረው እርሻው በተከፈተበት ዘመን መሆኑ ለኔ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ነገር ግን ስንጥቁን የሚያነሡትን ወንድሞቼን አልንቅም፤ በ2017 እና ከዚያ ወዲህ መሬቱ ያደረገውን ያየ ሰው ሊንቃቸው አይችልም። ሁሉንም ስናየው በሰቃ ተፈጥሮና ሰው እጅ ለእጅ ተያይዘው ያሳደጉት ሐይቅ ነው። ይህን አስረግጬ የምናገረው «የተፈጥሮ አደጋ ነው» የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ የሰውን እጅ ስለሚሸፍን ነው።

ሐይቁ የወሰደውን እናንተ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። የአዲስ አበባና የጅቡቲ መንገድ እዚህ ያልፋል፤ የአገሪቱ ጭነት የሚተላለፍበት ጉሮሮ ነው ማለት ይቻላል። መንገዱም የቀድሞው ሃዲድም ውሃው በደረሰ ቁጥር አፈርና ድንጋይ እየተጫነባቸው ከአንድም ሁለት ጊዜ ከፍ ተደርገዋል። አዲሱም የባቡር መሥመር ሲዘረጋ ሐይቁን ግምት ውስጥ አስገብቶ ነው። የከረዩ አርብቶ አደር የበጋ ግጦሹን፣ ከብቱን የሚያጠጣበትን ምንጭ፣ የአባቶቹን መቃብር ሳይቀር ለውሃ ለቀቀ። ከአገዳው መሬትም ተወስዷል፤ ያልተወሰደውም ቢሆን ከሥሩ ጨዋማ ውሃ እየቀረበው፣ ላዩ ላይ ነጭ ጨው እየወጣ፣ አገዳው የሚቀጭጭበት ቦታ አለ። በሰቃ ፍሎራይዱ የበዛ፣ ሶዳ የሞላበት ውሃ ነው። ሲሰፋ በገባው ብዙ ውሃ ጨውነቱ ከቀድሞው በብዙ እጥፍ ቀንሷል፤ ይሁን እንጂ ለመጠጥም ለመስኖም አልተስማማም።

የመንግሥት መሐንዲሶች መፍትሔ ብለው ያመጡት ውሃውን በቦይ እየቀነሱ፣ በጥቂት በጥቂቱ ከአዋሽ ጋር ማቀላቀልን ነው። ይህ ለመተሐራ እፎይታ ሰጥቷል፤ አልክድም። ግን አዋሽ ከዚህ ሲወርድ ወደ አፋር ነው የሚሄደው፤ እዚያ ደግሞ ወንዙን የሚጠጡ ሰዎች፣ ከብቶችና የጥጥ እርሻዎች አሉ። የለቀቅነው ጨው ለታችኛው ጎረቤት የሚደርስ ስጦታ አይደለም። ስለዚህ ምን ያህል፣ በየትኛው ወር፣ ወንዙ ስንት ሲሆን እንደሚለቀቅ በጥንቃቄ መለካት የጎረቤትነት ግዴታ ነው።

አሁን ከውሃው ወደ ተራራው ልሻገር። ፈንታሌን በየቀኑ ስለምታዩት ተራራ ብቻ ይመስላችሁ ይሆናል። ከአናቱ ላይ ቆሞ ላየው ግን ውስጡ የተደረመሰ ታላቅ ጎድጓዳ ነው፤ ርዝመቱ ከ4 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ይህ ጎድጓዳ በጥንት ዘመን ከሥሩ ያለው ቅልጥ አለት ወጥቶ ሲያልቅ ጣራው ወደ ውስጥ በመውደቁ የተፈጠረ ነው። ከዛሬ ሰባት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ከተራራው የወጣ ገሞራ በስተደቡብ የነበረን ከተማና ቤተ ክርስቲያን እንዳጠፋ በታሪክ ይነገራል። የቅርቡ ደግሞ በ1812 ገደማ የሆነው ነው። በተራራው ደቡባዊ ጎን 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ ተከፍቶ፣ ከዚያ የፈሰሰው ቅልጥ አለት ወደ ሜዳው ወረደ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ወደ ሸዋ የመጣው እንግሊዛዊ መልእክተኛ ሃሪስ ከአገሬው ሰው የሰማውን በመጽሐፉ አስፍሯል። ከመንገዱ ዳር የምታዩት፣ ሣር እንኳ ገና ያልደፈረው ጥቁር ድንጋይ የዚያ ዘመን ሰዎች ትኩስ ሆኖ ያዩት ነው።

እዚህ ላይ ስለ መሬቱ አሠራር ትንሽ ልበል፤ ተማሪዎቹ ይከታተሉኝ። ስምጥ ሸለቆው እየሰፋ ነው። ምሥራቁና ምዕራቡ ዳርቻ በዓመት በ5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ይህ ሰው የማይሰማው ቅንጣት ነው። ሆኖም ድንጋይ እንደ ጎማ ሲለጠጥ አይኖርም፤ ለብዙ ዘመን ይታገሥና በአንድ ጊዜ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውስጥ ከታች ያለው ቅልጥ አለት ይገባና ቁም ግድግዳ በሚመስል ቀጭን መልክ እየተሰገሰገ ድንጋዩን ግራና ቀኝ ይገፋል። በ1998 መጀመሪያ በአፋር በደባሁ የሆነው ይኸው ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት ተከፈተ፤ አንዳንድ ቦታ ላይም ዳርና ዳሩ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። የብዙ መቶ ዓመታት ቅንጣት ተጠራቅሞ የዚያን ሰሞን በአንድ ጊዜ ተከፈለ።

በ2017 ወደ እናንተ የመጣው መንቀጥቀጥም የዚያ ወንድም ነው። መስከረም ላይ በፈንታሌ አካባቢ ጀምሮ፣ ታኅሣሥ ላይ በርትቶ፣ ቅልጥ አለቱ ከፈንታሌ ሥር ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ዶፈን ተራራ አቅጣጫ ተጓዘ። ታኅሣሥ 25 በዶፈን አካባቢ መሬት ተሰንጥቆ ጭስ፣ ጭቃና ፍል ውሃ ተፋ። በማግሥቱ፣ ገና ለመድረስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ መጠኑ ከ5.5 በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ ላይ ያለውን ሰው ደረጃ አስወረደ። የካቲት 7 ደግሞ ወደ 6 የተጠጋው መጣ። በእነዚያ ወራት ከ4 በላይ የተመዘገቡት ብቻ ከመቶ ይበልጣሉ። በአዋሽ ፈንታሌ፣ በዱለሳና በዚህም በፈንታሌ ወረዳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ወጡ። እናንተም ስንት ሌሊት ከነልጆቻችሁ ደጅ እንዳደራችሁ ሰምቻለሁ። ያን ፍርሃት ያላየ ሰው «ተረጋጉ» ሲል ቃሉ ቀላል ነው፤ እኔ አልላችሁም።

የምላችሁ ስለ ቤት ነው። መሬት ሲናወጥ ሰውን ብዙ ጊዜ የሚጎዳው መሬቱ ሳይሆን ቤቱ ነው። በ1953 ግንቦት 24 በካራቆሬ የደረሰውን መንቀጥቀጥ አስታውሱ። ማጀቴ ከተማ ፈርሳ አለቀች፤ በአካባቢው 5,000 ሰው ያህል ቤት አልባ ሆነ፤ የደሴም መንገድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል በናዳና በስንጥቅ ተበላሸ። በ1961 መጋቢት 20 ደግሞ በአሰብ መንገድ ላይ የነበረችው ትንሿ ሰርዶ እንዲሁ ፈረሰች። እንደ እናንተ ያሉ የመንገድ ዳር ከተሞች ነበሩ። ድንጋይ በጭቃ ተያይዞ የተካበ ግድግዳ ወይም ብረት የሌለው የብሎኬት ግንብ ሲወዛወዝ ይከፈታል፤ ጣራውም ይወርዳል። በደንብ የታሰረ ማገርና ወጋግራ ያለው የጭቃ ቤት ግን ይንገዳገዳል፣ ልስኑ ይረግፋል፣ ብዙ ጊዜ ግን ሰውን ለማስወጣት ይታገሣል። ብዙ ሰው ገንዘብ ሲያገኝ የአባቱን የጭቃ ቤት አፍርሶ ብሎኬት ይደረድራል፤ ኮለምንና ማሰሪያ ቀበቶ ግን ይተወዋል፤ ብረት ውድ ነዋ። ቤቱ ከበፊቱ ያማረ፣ ከበፊቱም የከፋ ይሆናል። ብሎኬት አትሥሩ አላልኩም። የማዕዘኑን ብረት፣ የላይኛውን ማሰሪያ ግን ከቀለሙና ከሴራሚኩ በፊት ግዙ እላችኋለሁ።

ወደ ሦስተኛው ነገር አልፋለሁ፤ እዚህ አጠር አደርጋለሁ። አዋሽ ከደጋው፣ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ የሚያበቃ ወንዝ ነው። ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደጋው ሲዘንብ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ወንዙ ይሞላል። ቆቃ ደለል እየሞላው በመሄዱ የጎርፍ ጉልበት የሚያቆምበት ቦታ እየጠበበ ነው። የ2012ን ክረምት ታስታውሳላችሁ፤ ከላይኛው አዋሽ እስከ አፋር ድረስ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ተጎድቷል።

ድርቁ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። በ1966፣ በ1977፣ በ2008 የደረሱትን ስም አውጥታችሁላቸው የምትቆጥሩ ሽማግሌዎች እዚህ አላችሁ። ዝናብ ማጣት ለቆላ አርብቶ አደር አዲስ ነገር አልነበረም። የከረዩ ጥበብ ለዚያ የተዘጋጀ ነበር፤ በዝናብ ጊዜ ከብቱን ወደ ራቀው ሜዳ ያወጣል፣ የአዋሽን ዳር ለክፉ ቀን ያሳርፋል። ሣር ሲጠፋ ወደ ወንዙ ይመለሳል። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ግን የወንዙ ዳር ለአገዳ፣ ለፍራፍሬ እርሻና ለአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። የቀረውንም ከላይ እንደነገርኳችሁ በሰቃ ወሰደው። ከዚያ በኋላ የመጣው ድርቅ ምናልባት ከአያቶቻችን ዘመን ድርቅ የከፋ አልነበረም፤ መሸሻው ግን ተዘግቷል። ስኳሩ ለአገር ጠቅሟል፤ ብዙዎቻችሁም እንጀራችሁ እሱ ነው። ሆኖም ዋጋው ሲሰላ የማን ከብት እንደሞተ አብሮ መጻፍ ነበረበት።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ቃሌ ልመለስ። መተሐራ ከየአገሩ በመጣ ሰው የተሞላች ከተማ ናት፤ አንዱን ለገሃሩ አመጣው፣ አንዱን ስኳሩ፣ አንዱን የከባድ መኪናው መንገድ። ሰው ይመጣል፣ ሠርቶ ይሄዳል፤ ያየውንም ይዞት ይሄዳል። በዚህ ምክንያት የከተማዋ ትዝታ አጭር ነው። ውሃው ግን በትዝታ አይሄድም። ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ፤ ወጪውም ቀላል ነው። በሐይቁ ዳር በየዓመቱ በአንድ ቀን፣ ለምሳሌ በመስቀል ማግሥት፣ ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ሄደው ውሃው የደረሰበት ላይ የሲሚንቶ ችካል ይትከሉ፤ ዓመተ ምሕረቱን ይቅረጹበት። በግድግዳቸው ላይ ስንጥቅ ያላቸው ቤቶች ስንጥቁ ላይ በእርሳስ መስመር አስምረው ቀን ይጻፉ፤ የሚቀጥለው መንቀጥቀጥ ያሰፋው እንደሆነ ያኔ ይታወቃል። ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተከፍቶ ጎርፍ ሲውጥ ያየ እረኛም ቦታውን ለትምህርት ቤት ይናገር፤ እነዚያ ቀዳዳዎች ከሥር ያለው ስንጥቅ የት እንደሚያልፍ ያሳያሉ። ሳተላይት ከሰማይ ይለካል፣ ባለሙያም ከአዲስ አበባ ይመጣል። ሐይቁን ዘወትር አጠገቡ ሆኖ የሚያየው ግን እዚህ ያለው ነው።

መዝገቡም ዛሬ ማታ ቢጀመር ደስ ይለኛል። ከፊት መደዳ የተቀመጡት አባት ሳልጀምር በፊት በር ላይ አግኝተውኝ፣ ልጅ ሳሉ ጥጃ የጠበቁበትን ቦታ፣ ዛሬ ከመንገዱ ማዶ ውሃ የተኛበትን፣ በስሙ ነግረውኛል። በካርታ ላይ የሌለ ስም ነው። እንግዲህ የኔ ንግግር እዚህ ላይ ይቁም። አባታችን፣ ይምጡና ቦታውን ለልጆቹ በስሙ ይንገሩልን፤ ልጆች፣ ደብተር አውጡ።